በስንዝር የተለካው ቁም ሳጥን

ቡራዩ፣ ታኅሣሥ 23 ቀን 1958 ዓ.ም.

ይድረስ ሱሉልታ ላለችው እናቴ፣

እማዬ እንደምን ሰነበትሽ፣ ጉልበትሽ እንዴት ነው፣ ላሟ ወለደች ወይ፣ ውርጩስ እንዴት አደረጋችሁ። እኔ ደኅና ነኝ ብልሽ ውሸት ይሆናል። ይህን የምታደርስልሽ ሃዋ ናት፣ ጎረቤቴ ባለሱቋ፣ ገበያ ስለምትወጣ። ዲያቆኑ ሲያነብልሽ ሰው አጠገብሽ አይቁም፣ አደራ።

ባለቤቴ ገርባ ከኅዳር ወዲህ አልጋ ላይ ነው ብዬሽ ነበር፣ ያ ሳል አልለቀቀውም። ቁም ሳጥኑን ግን ጀምሮት ነበር፣ የሰበታው ፊታውራሪ ለልጃቸው ሠርግ ያዘዙትን። ጎጇችን መሬታቸው ላይ አይደል፣ እንቢ አይባልም። ልጅቷ ከተማ ፈረንጅ ቤት አይታ ነው አሉ፣ መሳቢያው እንደ ልብ የሚዛወር፣ የላዩ ወደ ታች የታቹ ወደ ላይ፣ ዛሬ ጫማ ከታች ነገ ነጠላ ከታች። ስለዚህ ስድስቱም መሳቢያ እኩል መሆን አለበት፣ የትም ቢከቱት የሚገባ። ገርባ በጥቅምት ጤነኛ ሳለ ትልቁን ሳጥን ሠርቶ፣ መሳቢያው የሚቀመጥበትን ቀጫጭን እንጨት ግራና ቀኝ መትቶ ጨርሶ ነበር። ወርዱ ከውስጥ ሦስት ስንዝር። ሜትር አይወድም፣ ሜትር ለጨርቅ ነጋዴ ነው ይላል፣ አባቱም በእጁ ነበር የሚለካ፣ ታውቂው የለ ኩራቱን።

መሳቢያዎቹ ቀሩ። እኔ ልሥራው አልኩት። አንቺ አናጢ! ብሎ ሳቀ፣ ኋላ እሺ አለ፣ ምን ያርግ። ጣውላውን አልጋው ድረስ አመጣሁለት፣ እጁን ሦስት ጊዜ ዘረጋልኝ፣ በከሰል ምልክት አረግሁና ውጭ አውጥቼ በመጋዝ ቆረጥኩ። ጎረቤታችን ኦቦ ነገሳ ሲያልፍ አይቶኝ እንግዲህ የቀረሽ ጢም ብቻ ነው ብሎ አሾፈብኝ፣ እኔም ሳቅሁ።

ስድስቱንም ቆረጥኩ እማዬ፣ የፊታውራሪን ዝግባ፣ ሌላ ጣውላ የለም። ገጣጥሜ ሳስገባው አንዱም አልያዝ አለ። ሁለት ጣት ያህል ያንሳል፣ በሁለቱ እንጨት መሀል ሾልኮ ዷ! እኔ ነኝ ያበላሸሁት ብዬ ከሰሉን አየሁ፣ ልክ ምልክቱ ላይ ነው የቆረጥኩት። ከዚያ ገርባ ቀን እንቅልፍ ወስዶት ሳለ፣ ያችን በጥቅምት አንድ ስንዝር ብሎ ምልክት ያረገባትን ቁራጭ እንጨት ይዤ ገባሁ፣ እጁን ቀስ ብዬ አስቀመጥኩባት፣ ጣቶቹን ዘረጋሁ። አልደረሰም። ደግሜ ዘረጋሁት፣ ምልክቱ ጋ አልደረሰም። እሱ እንዳያያት ቁራጯን እሳት ውስጥ ከተትኳት።

ማክሰኞ የፊታውራሪ ምስለኔ አቶ ወንዳፍራሽ መጣ። መሳቢያውን አንስቶ ሲያስገባው ወደቀ፣ ይሄ መሳቢያ ነው ወይስ የአሮጊት ጥርስ አለ፣ አብረውት የመጡት ሳቁ። ማን ነው የለካው ሲል ገርባ ከውስጥ ሊመልስ ሳል ያዘው፣ እኔ ቀደምኩት። ከሰሉ ተጠርጎብኝ በራሴ እጅ ደግሜ ለካሁት አልኩ። በሴት እጅ! አለ። ከጥምቀት በፊት ጎጆውን ልቀቁ፣ ሌላ አናጢ ይገባበታል አለ። እግሩ ላይ ወድቄ ነበር እማዬ፣ ተራምዶኝ ሄደ።

ገርባ ሰምቶኛል። የአባቴን ሙያ አሰደብሽው አለኝ፣ ከዚያ ወዲህ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ከእጄ ውሃ እንኳ አይቀበልም፣ ሃዋ ናት የምታጠጣው። ሃዋ እውነቱን ንገሪው ትለኛለች። ምን ብዬ ልንገረው? እሱ ብድግ ስል በገዛ እጄ ለክቼ ስድስቱንም እሠራቸዋለሁ፣ ያኔ ታያለሽ እያለ ይዝትብኛል። ይዛት። ይናደድብኝ። ብድግ ስል ይበል።

እፈራለሁ እማዬ። ወዴት እንደምንሄድ አላውቅም፣ ከእናንተ በቀር ማን አለኝ። አባቴን አንቺው ለምኚልኝ፣ የጓዳው ጥግ ይበቃናል። ስንመጣ ግን ለአንድ ነው ለሁለት ሰው ላንጥፍ ብለሽ አትላኪብኝ።

ማርያም ዕድሜሽን ታርዝመው፣ ደጅሽ ሰው አይጣ፣ ብርዱም ለጉልበትሽ ይራራ። ፊደሌ ቢጣመም ይቅር በይኝ።

ልጅሽ