ለኢልዲኮ የሰጠሁት የውሸት መልስ

ውድ ልጄ ኢልዲኮ፣

ደብዳቤሽ ማክሰኞ ደረሰኝ። በቻይንኛ ስለጻፍሽው አንብቡልኝ ሳልል ራሴ አነበብኩት። ከስድስተኛ ክፍል ያቋረጥኩ ብስክሌት ጠጋኝ ነኝ፤ የእጅ ጽሑፍሽ ከእኔ ይሻላል። ነፍሷን ይማርና ባለቤቴ ሩይሊያን ብትኖር፣ "አየህ የእኔን ልጅ!" እያለች ትኩራራብኝ ነበር።

እናትሽ በጠና መታመሟን ሳነብ ተንበርክኬ ጸለይኩላት። ተነሥቼ የቀረውን ቀጠልኩ። "እናቴ ‹አመሰግናለሁ ልጄ› ስትለኝ፣ እንደ እርስዎ ‹ባዕድ ሆንኩብሽ እንዴ?› ብዬ እጇን እይዛለሁ። እሷ ግን ፊቷን ታዞራለች" ብለሻል።

ይህን ያስተማርኩሽ እኔ ነኝ።

ቻይንኛ ልትማሪ ከአገርሽ ወደ ከተማችን ጂናን መጥተሽ፣ ኮሌጁ መካከለኛው የቋንቋ ክፍል ያስገባሽ ጊዜ፣ ተከራይተሽ ቤታችን የገባሽ ሰሞን ትዝ ይልሻል? ሩይሊያን ያን በሊጥ የተጠቀለለ ሥጋ፣ ጂያኦዚ፣ በጨመረችልሽ ቁጥር ታመሰግኛለሽ።

"ለእያንዳንዱ ጉርሻ?" አለችሽ። "ኧረ ምራቅሽን ለምግቡ አስቀሪለት! ምስጋና ለእንግዳ ነው። ቤተሰብ አይመሰጋገንም።"

"እሺ እትዬ፣ ገብቶኛል። አመሰግናለሁ!" ስትዪ ሦስታችንም በሳቅ ፈረስን።

ሩይሊያን ባረፈች በሦስተኛው ወር የቻይንኛ አስተማሪሽ መምህርት ማ አንድ የቤት ልማድ ከሽማግሌ ጠይቃችሁ በክፍል ተናገሩ ብላ አዘዘቻችሁ። ደብተርሽን ይዘሽ አጠገቤ ተቀመጥሽ።

"ጋሼ ሉ፣ ከከበደዎት ይቅር፤ ሌላ ሰው እጠይቃለሁ።"

"ጠይቂ፣ ጠይቂ።"

"እትዬ አንድም ቀን አመስግነውዎት አያውቁም?"

"አንድ ቀን። ሆስፒታል ተኝታ።"

"እርስዎስ ምን አሏቸው?"

እጇን ይዤ በቀስታ "ባዕድ ሆንኩብሽ እንዴ? አንድ አካል አይደለንም?" አልኳት፤ እሷም ፈገግ አለች አልኩሽ። አንቺ ጻፍሽው። ክፍሉ አለቀሰ፣ መምህርቷ ከፍተኛውን ነጥብ ሰጠችሽ፣ እኔም ደስ አለኝ። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ፤ ሰው ሲያለቅስልኝ ውሸቴን ራሴም አመንኩት።

እውነቱ ይኸውልሽ። የሩዝ አጥሚት እያጎረስኳት ነበር። ማንኪያውን በእጇ ገፋ አድርጋ "ባኦሼንግ፣ ለሁሉም አመሰግናለሁ። ብዙ ደከምክልኝ" አለችኝ። እኔም "ምን ትቀባጥሪያለሽ? ባዕድ ነኝ? ዝም ብለሽ ዋጪ!" ብዬ ጮኽኩባት። አጎራባች አልጋ ላይ ያለችው ሴትዮ እንኳ ደንግጣ ቀና አለች። ከዚያ ሳህኑን ልጠብ ብዬ ወጣሁ፤ አጥሚቱ እኮ ገና ግማሽ ነበር። ቧንቧው ሥር ብዙ ቆየሁ። ስመለስ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። በማግስቱ አንደበቷ ተዘጋ፤ በሦስተኛው ቀን አረፈች።

ልማዳችንን አልወቅስም። ሠላሳ ስምንት ዓመት ሳንመሰጋገን ኖረን አንድም ቀን አልጎደለብንም። ያን ቀን ግን እየተሰናበተችኝ ነበር። አልገባኝም እንዳልል ገብቶኛል። የሸሸሁትም ስለገባኝ ነው፤ ልማዱን እንደ በር ዘግቼባት ወጣሁ። ፊቷን ያዞረችው ተቀይማኝ ይሁን ደክሟት፣ በየማታው ጸሎቴ እጠይቃለሁ። 

አንቺ እናትሽን የምትወጂ ልጅ ነሽ፤ የያዝሽው ግን የእኔን የፈሪ ቃል ነው። እናትሽ ደግሞ እንደ እኛ አላደገችም፤ በአገራችሁ ቤተሰብም ይመሰጋገናል። ያ ቃል በእሷ ጆሮ ምን ተብሎ እንደሚሰማ አስቢው።

ለመምህርት ማ ነገ ኮሌጁ ድረስ ሄጄ እውነቱን እነግራታለሁ። በእኔ ተቀየሚ፤ ይገባኛል። መልስ ለመጻፍ ግን እንዳትቀመጪ። አሁኑኑ ይህን ወረቀት አስቀምጪና ወደ እናትሽ ግቢ። ስታመሰግንሽ አታቋርጫት፣ እስከ መጨረሻው ስሚያት። ከዚያ በራሷ ቋንቋ መልሺላት።

ስለ እናትሽ የሚጸልይ፣
ሉ ባኦሼንግ