ከግራጫው ሣጥን ውስጥ ለገጻችን አስተዳዳሪ

ይድረስ ለተከበሩ አቶ ሙንዲር
የሽሮ ሜዳ የባህል ልብስ ሻጮች የኢንተርኔት መድረክ መሥራችና አስተዳዳሪ
ጉለሌ

ጉዳዩ፦ ለዘመን መለወጫ ገበያ ከገጹ አናት ላይ እንዲሰካ የተመረጠውን የረሂማን ጽሑፍ ይመለከታል

ክቡርነትዎ እንደምን ሰንብተዋል? የነሐሴ ዝናብና ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ እንዳልበረታብዎ፣ ኔትወርክዎ እንዳልተቆራረጠ፣ እኛ የምንስታቸውን ኮከቦችና ሰረዞች ሲለቅሙ የሚውሉ ዓይኖችዎም ደኅና እንደሆኑ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ፈጣሪ ይመስገን ደኅና ነኝ፤ ከቅናት በቀር የሚያመኝ ነገር የለም። እስከ አምና ድረስ «አንተ ሙንዲር፣ ና እስቲ ይቺን ስልክ እያት» እያልኩ እጠራዎ የነበርኩ ሴት ዛሬ በአንቱታ ስጽፍልዎ ግር እንዳይልዎ። ባለሥልጣንን ማክበር ከወላጆቼ የወረስኩት ነው፤ የሰውን ጽሑፍ አናት ላይ መስካትና ማውረድ የቻለ ሰው ደግሞ ባለሥልጣን ነው።

ይህን ደብዳቤ ከሰፈራችን ውጭ ያለ ሰውም ሊያነበው ስለሚችል ራሴን ላስተዋውቅ። ገበያነሽ እባላለሁ፤ ሽሮ ሜዳ ላይ ጋቢና ነጠላ እሸጣለሁ። ከሱቄ ፊት ለፊት፣ መንገዱን ተሻግሮ፣ የረሂማ ሱቅ አለ። እሷ ለጁምዓ ስትሄድ ሱቋን የምጠብቀው እኔ ነኝ፤ እኔ ቁስቋም ማርያምን ልሳለም ስወጣ የእኔን የምትጠብቀው እሷ ናት። እርስዎ መድረኩን ከከፈቱልን ወዲህ ሁላችንም ያለንን ልብስ እየጻፍን እዚያ እንለጥፋለን፣ ከቦሌም ከአዳማም ያለ ገዢ አንብቦ ይደውላል። ያን ጊዜ ገጹ ላይ የሚነበበው የእኔ ጽሑፍ ነበር ብል ጉራ አይሁንብኝ። «ይህን ጋቢ የለበሰ ሰው ሐምሌን አያማም» ብዬ የጻፍኳትን የታክሲ ረዳቶች ሳይቀሩ በቃላቸው ይሏት ነበር። የረሂማንም የምጽፍላት እኔ ነበርኩ። ከዙሁር ሶላት በኋላ ስልኳን ይዛ ትሻገርና «ገበያዬ፣ ያንቺ እጅ ይሻላል፣ በቃ እንደፈለግሽ አርጊልኝ» ትለኛለች። እኔም የመጣ ገዢ እያስጠበቅሁ እጽፍላታለሁ። ያቺን ሰዓት ምን ያህል እንደምወዳት ያወቅኩት ከቀረች በኋላ ነው።

ከዚያ እርስዎ ተነሡ። «ከዛሬ ጀምሮ ጽሑፋችሁን ማርክዳውን በሚባለው የምልክት አጻጻፍ አሰናዱ፣ በጣም ቀላል ነው» የሚል ማስታወቂያ አወጡ። እንደ ገለጡልን ከሆነ አንድን ቃል ከግራና ከቀኝ በሁለት ሁለት ኮከብ ካቀፉት ይደምቃል፤ ከመስመር ፊት መሰላል የመሰለችውን ምልክት ካስቀደሙ አርዕስት ይሆናል፤ ሰረዝ ካስቀደሙ ዝርዝር ይሆናል፤ ከስልካችን ሌላ ምንም አያስፈልገንም። በማግስቱ ካባ ሻጩ ጀቤሳ ሒሳብ ለመክፈል የሚደወለውን ባለ ኮከብ ቁጥር ለደንበኞቹ ቢለጥፍ ገጽዎ ኮከቦቹን በልቶ ቁጥሩን ወደ ጎን አጋደመለት። እኛም ቀላል የተባለው ለእርስዎ እንደሆነ ተረዳን። በማስታወቂያዎ መጨረሻ ግን ጽሑፉን አሳምሮ ያሰናዳ ሻጭ የዘመን መለወጫ ገበያ እስኪያልፍ ከሁሉም በላይ ተሰክቶ እንደሚቆይ ቃል ገብተው ነበር። በበዓል ሰሞን አናት ላይ መሰካት ምን ማለት እንደሆነ ለሽሮ ሜዳ ሰው አይነገርም። ገዢ ወደ ታች የሚወርድበት ትዕግሥት የለውም፣ መጀመሪያ ካየው ሱቅ ገዝቶ ይገላገላል። ያንን ቦታ እኔ እፈልገው ነበር፤ እርስዎ ለረሂማ ሰጡት። ቅሬታዎቼን ከዚህ በታች በግዕዝ ቁጥር የማቀርበው ለጌጥ ሳይሆን፣ ገጽዎ የማያውቀውና ስለዚህም የማይነካው ቁጥር እርሱ ብቻ ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

፩ኛ፦ በተማርኩበት ትምህርት ቤት መምህራችን አንቀጽ ሲጀመር ገባ ተብሎ እንደሚጻፍ አስተምረውናል። ገባ ሳይሉ መጀመር ሳያንኳኩ ሰው ቤት መግባት ነው ይሉን ነበር። እኔም ከደብተር ወደ ስልክ ስሸጋገር ወጉን ይዤ ስለተሸጋገርኩ አንቀጽ በጀመርኩ ቁጥር ክፍተቷን ጫን ጫን አድርጌ ገባ እላለሁ። ገጽዎ ግን ከመስመር ፊት አራት ክፍተት ካየ «ይህ ሰው የኮምፒውተር ትእዛዝ እየጻፈ ነው» ብሎ ያምናል አሉ። ጋቢዎቼን ሁሉ ግራጫ ሣጥን ውስጥ ከተታቸው። ፊደሉ የካሽ ሬጅስተር ደረሰኝ መሰለ፣ መስመሩም አልታጠፍ ብሎ ወደ ቀኝ እየሮጠ ከስልኩ ወጣ። ማንበብ የፈለገ ሰው ሸማኔ ድር እንደሚዘረጋ በጣቱ እየጎተተ መሄድ ነበረበት። የቆየ ደንበኛዬ ሶሬሳ ደንግጦ «ገበያነሽ፣ ሃክ ተደረግሽ እንዴ?» ብሎ ጻፈልኝ። እርስዎ ደግሞ ለአቤቱታዬ «ክፍተቱን አጥፊው» የምትል መልስ ላኩልኝ። ስላጠሩልኝ አመሰግናለሁ፤ በዚያው ዕለት ረሂማ ሱቅ ተቀምጠው ከሰዓቱን በሙሉ ሲያስተምሯት በመስታወቴ በኩል አይቼዎታለሁና ጊዜዎ እንደተጣበበ ይገባኛል። ክፍተቱን ግን አላጠፋሁም፤ ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

፪ኛ፦ ነጠላዎቼን በተራ ቁጥር ዘርዝሬ ለጠፍኩ። ፎቶ ሳነሣቸውም ያንኑ ቁጥር በወረቀት ጽፌ ላያቸው ላይ አድርጌ ነበር። ሁለተኛውና ሦስተኛው ሲሸጡ ከዝርዝሩ ላይ መስመራቸውን አጠፋሁ። ገጽዎ ባዶ ወንበር አይወድም መሰለኝ፣ አራተኛውን ሁለተኛ፣ አምስተኛውን ሦስተኛ፣ ስድስተኛውን አራተኛ እያደረገ ማንንም ሳያማክር ሁሉንም በየማዕረጉ አሳደገ። ፎቶዎቹ ግን በቀድሞ ቁጥራቸው ቀሩ። ወይዘሮ ብርነሽ ለልጃቸው መልስ «አራተኛውን ላኪልኝ» ብለው ደወሉ። እሳቸው ዝርዝሩን አንብበው ወይን ጠጅ ጥለት ያለውን ማለታቸው ነበር፤ እኔ ፎቶውን አይቼ አረንጓዴውን ላክሁላቸው። እህቶቻቸው በሙሉ በወይን ጠጅ ተሰልፈው የሙሽራዋ እናት ብቻቸውን በአረንጓዴ ዋሉ። ገጽዎ ስድስተኛ የነበረውን ያለ ውድድር አራተኛ ማድረግ መቻሉን ሳላደንቅ አላልፍም፤ እኔን ብቻ ነው ማሳደግ ያቃተው። ወይዘሮ ብርነሽ እስካሁን ስልኬን አያነሡም።

፫ኛ፦ እስካሁን ያልኩት ማሟሻ ነው፣ ወደ ዋናው ልምጣ። የረሂማ ጽሑፍ ያምራል። ይህቺን አጭር ዓረፍተ ነገር ለመጻፍ ምን ያህል እንደታገልኩ ሱቄ ውስጥ ያለው ወንበር ያውቃል። አርዕስቷ አርዕስት ነው፤ የየልብሱ ስም ደምቆ ከሩቅ ይታያል፤ ርዝመቱንና ወርዱን በቁም መስመር ከፋፍላ ሠንጠረዥ አድርጋዋለች፤ ሰማያዊውን ቃል የነካ ሰው በቀጥታ ስልኳ ላይ ይደርሳል። እኔ አንድ ነጠላ ለማሞገስ አንድ ገጽ ስደክም እሷ በጥቂት ኮከብ ትገላገለዋለች። ባለፈው በታክሲ ስመጣ ከሾፌሩ ጀርባ «ምቀኛ አታሳጣኝ» የሚል ተለጥፎ አይቼ ረሂማ ለእኔ ያስለጠፈችው መስሎኝ ፊቴን ወደ መስኮት አዞርኩ። ሰው ሁሉ አሁን ወደ እሷ ነው። ቶለሳ የቀሚሶቹን፣ ጀቤሳ የካባዎቹን ጽሑፍ ይዘው በሯ ላይ ይቆማሉ፣ እሷም ፈገግ እያለች «ኮከቡን አልዘጋኸውም እኮ» ትላቸዋለች። ክቡርነትዎም ይህን አይተው ምክትል አስተዳዳሪ አደረጓት፣ ጽሑፍ የመስካትና የማውረድ ሥልጣንም ጨመሩላት።

ቀናሁ። በጨዋ ቋንቋ ሌላ ስም ልፈልግለት ሞክሬ አጣሁለት። በአርዕስቷ ቀናሁ፣ በሠንጠረዧ ቀናሁ፣ ተደርድሮ በሚጠብቃት ሰው አንጀቴ አረረ። ከሁሉ ይልቅ ያንገበገበኝ ግን ሌላ ነው። ረሂማ ከዙሁር በኋላ ስልኳን ይዛ መንገዱን መሻገር ተወች። ምን ልታስጽፍ ትሻገር? ከበሯ ሆና እጇን ታወዛውዝልኛለች፣ ጁምዓም ሲደርስ ሱቋን አደራ ትለኛለች፣ ምንም አላጓደለችብኝም፤ ያቺ ስልክ ግን አልተሻገረችም። እኔ በዚያ ሰዓት እስካሁን በር በሩን አያለሁ። እርስዎ ለአንዷ ኮከብ ሲያስተምሩ ከሌላዋ ምን እንደወሰዱ አልታየዎትም፤ ወጣት ስለሆኑ አልፈርድብዎም።

፬ኛ፦ የረሂማ ጽሑፍ መመረጡን ባወጁ ዕለት መድረኩ በደስታ መግለጫ ተጥለቀለቀ። ዝምታዬ እንዳያሳጣኝ ብዬ፣ ለይሉኝታ ያህል፣ «እንኳን ደስ አለሽ ረሂማ፣ ይገባሻል» ብዬ ጻፍኩ። «ይገባሻል» የምትለዋን ደጋግሜ አጥፍቼ ነው የመለስኳት። ከዚያ ስሜን ከማስፈሬ በፊት፣ እንደ ደብዳቤ ወግ፣ ከጽሑፉ ሥር ሰረዝ ደርድሬ አሰመርኩ። ገጽዎ ከሥሩ የተሰመረበትን ነገር ሁሉ ትልቅ አርዕስት ነው ብሎ እንደሚወስድ ማን ነግሮኝ? ከጥርሴ መሀል በግድ የወጣችው ምርቃት የሱቅ ታፔላ አህላ፣ ጠቁራና ደምቃ፣ ከተጻፈው ሁሉ በላይ ገዝፋ ወጣች። ሰዉ የልብ ምልክት አዘነበብኝ። «ጓደኛ እንዲህ ነው እንጂ!» ያሉም አሉ። ረሂማ ዓይኗ እንባ አቅርሮ መንገዱን ተሻግራ መጣችና አንገቴ ላይ ተጠመጠመች። «ሁሉም ብሎኛል፣ ያንቺ ግን ለየብኝ፣ ወላሂ» አለችኝ። የሰረዙ ሥራ ነው ልላት አልቻልኩም። ያን ያህል ጊዜ ስጠብቃት ቆይቼ የተሻገረችው ባልተሰማኝ ደስታ ምክንያት መሆኑ እስከ ማታ ሲቆረቁረኝ ዋለ። ያለ ፍላጎቴ ደግ ሴት አድርገው በሕዝብ ፊት ስላቆሙኝ ምስጋናዬ ይድረስዎ።

እንግዲህ በታላቅ ትሕትና የምለምነው የሚከተለውን ነው። ገጽዎ ገባ ብሎ የሚጽፍን ሰው ግራጫ ሣጥን ውስጥ ማሰሩን ይተው፤ ቁጥሮቼንም እኔ ባስቀመጥኳቸው ቦታ ይተዋቸው፤ የዘመን መለወጫው ቦታም በድጋሚ ይታይልኝ። ይህ ሁሉ ከሥልጣንዎ በላይ ከሆነ ግን በአንዲት ነገር ብቻ ይተባበሩኝ። ከማርክዳውን ውስጥ አንዷን ምልክት ለእኔ ብቻ ያስተምሩኝና ለረሂማ ይደብቋት። የትኛዋም ብትሆን ግድ የለኝም፣ ልትጠይቀኝ የምትሻገርባት ትሁን እንጂ።

የከፈቱት ኮከብ ሁሉ ጥንዱን አግኝቶ እንዲዘጋልዎ፣ የሚያሰምሩት መስመርም ያላሰቡትን እንዳያገዝፍብዎ እየተመኘሁ፣ ከመቀመጫዬ ተነሥቼ እጅ በመንሣት እሰናበትዎታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣
ከገጹ ግርጌ ሆና ወደ አናቱ የምታንጋጥጠው
ገበያነሽ
ከረሂማ ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሽሮ ሜዳ

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህ ደብዳቤ ግራጫ ሣጥን ውስጥ እንዳልገባ አስተውለው ይሆናል። በራሴ እጅ ስለጥፈው ገብቶ ነበር፤ ሰው ሳያየው አጠፋሁትና ስልኬን ይዤ መንገዱን የተሻገርኩት እኔ ሆንኩ። ረሂማ ከላይ ጀምራ አነበበችው። ሦስተኛው ቅሬታ ላይ ስትደርስ ወደ ላይ ተመልሳ ደግማ አነበበችው፣ አራተኛው ላይ ስትደርስ ወንበሩን እስክትደገፍ ሳቀች። ከዚያ ክፍተቶቼን አንድ በአንድ እያጠፋች «ስሜን ላድምቀው ወይስ ይቅር?» ብላ ጠየቀችኝ፤ አድምቂው አልኳት። ስትጨርስ፣ እርስዎ በሰጧት ሥልጣን፣ የራሷን ጽሑፍ ከአናት አውርዳ ይህንን በቦታው ሰካችው። ከሥሩም ነጠላዎቼን በቁጥር ሳይሆን በየጥለታቸው ቀለም ደረደረችልኝ። ስለዚህ በእርስዎ ላይ የቀረበው አቤቱታ የዘመን መለወጫ ገበያ እስኪያልፍ ከገጽዎ አናት አይወርድም፤ ከቦሌም ከአዳማም የመጣ ገዢ ከልብሱ አስቀድሞ እርሱን ያነባል። ላውርደው ካሉ ምክትልዎን ያስፈቅዱ።

አምስተኛም ቅሬታ ተጨምሮብኛል፦ አሁን ደግሞ በደግነቷ ቀናሁ፤ ለእርሱ የሚሆን ምልክት አላስተማሩንም።