ማኅተሙ ያልተነካው ፖስታ

ሰኞ

አምስት ሰልጣኝ ተብሎ ዘጠኝ ሰው መጣ። ከዘጠኙ ዳታቤዝ ነክተው የሚያውቁት ሦስት ናቸው። የቀሩት አበል አለ ሲባል የመጡ ናቸው። አንድ ገንዘብ ያዥ፣ አንድ የንብረት ክፍል ሰው፣ ሁለት የአለቃ ዘመድ፣ አንድ አትክልተኛ (አትክልተኛ!)፣ አንዷ ደግሞ ለምን እንደተጠራች ራሷም አታውቅም። አትክልተኛውን ምን ልትማር መጣህ ብለው «ስሜ ዝርዝሩ ላይ አለ» አለኝ። አልዋሸም፣ አለ።

ነገሩ እኮ ቀላል ነው። የደሴ ዙሪያ ገበሬዎች የመሬት ይዞታ ደሴ ቢሮ ባለው አንድ ሰርቨር ላይ ነው ያለው። ሰርቨሩ ቢቃጠል፣ ቢሰረቅ፣ ጣሪያው ቢያፈስበት፣ ኮምቦልቻ ከሚቀመጠው ቅጂ ሥራውን እንዴት እናስነሳለን? ይኸው ነው። በአምስት ቀን በእጃቸው ሠርተው ማሳየት አለባቸው። ለዚህ ነው በየቀኑ ከደሴ ኮምቦልቻ የምወርደው።

ዓርብ «ሰልጣኞቹ ችለዋል፣ ቅጂውም ይሠራል» ብዬ እፈርማለሁ። እኔ ስፈርም ኮምቦልቻ መጋዘን ያሉት የወረቀት መዝገቦች ይወገዳሉ። ለቅዳሜ መኪና ታዟል። ገና ሳላስተምር መኪና! የሥራ ሂደቱ ባለቤት አቶ ጌታቸው በስልክ «ሂሩት፣ አታካብጂ፣ ፎርማሊቲ ነው» አለኝ። የሰው መሬት ፎርማሊቲ ሆነ። ደሜ ፈልቶ ምሳ እንኳ አልበላሁም።

ማክሰኞ

ዛሬ የተማርነው፦ ቅጂ ማለት ምን ማለት ነው። ለምን እዚያው ክፍል አይቀመጥም። ዋናው ሲሞት ማን ለማን ይደውላል። ያልተሞከረ ቅጂ እንደሌለ ይቆጠራል (ይህን ሦስት ጊዜ አስጻፍኳቸው)።

«ማሽኑ ቢጠፋ ሥራው ስንት ሰዓት ቢቆም መታገስ ይቻላል?» ብዬ ጠየቅኩ። የንብረት ክፍሉ ሰው «መብራት እስኪመጣ» አለ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። እኔም ሳቅኩ፣ ከዚያ በራሴ ተናደድኩ።

ከሰልጣኞቹ ሙና የምትባል ልጅ አለች፣ የደሴ ቢሮ ባልደረባ፣ ቤተሰቦቿ ገራዶ ናቸው። በየሳምንቱ ቅጂውን በሃርድ ዲስክ አድርጋ፣ በፖስታ አሽጋ ወደ ኮምቦልቻ የምትልከው እሷ ናት። ከሁሉም የገባት እሷ ናት። ግን «ከኮምቦልቻው ቅጂ» ባልኩ ቁጥር አንገቷን ትደፋለች። ዓይን አፋር ናት መሰለኝ።

ከሰዓት ለልምምድ ዲስኩን ልወስድ መዝገብ ቤት ሄድኩ። የመዝገብ ቤቱ ኃላፊ ጋሽ ሰይድ ናቸው። ፖስታዎቹንም፣ የመጋዘኑንም ቁልፍ የያዙት እሳቸው። ፖስታውን አወጡልኝ፣ አሳዩኝ፣ መልሰው ቆለፉት።

«ልጄ ሂሩት፣ ማኅተም ያለበትን ፖስታ ያለ ደብዳቤ አልከፍትም። ወላሂ አልከፍትም። አማና ነው።»

«ጋሽ ሰይድ፣ የምንለማመደው እኮ በሱ ነው።»

«ደብዳቤ አምጪና ዓይኔንም ውሰጂ።»

በሳቸው መናደድ አቃተኝ። የተናደድኩት ደብዳቤውን ማን እንደሚጽፍ ስላወቅኩ ነው።

ረቡዕ

ሰልጣኞቹን ዳታቤዝ ከሚያውቁት ለአንዱ ትቼ ደሴ ተመለስኩ። ሐረጎ ዳገት ላይ ጭጋጉ እንደ ግድግዳ ቆሞ ሚኒባሱ ይንፏቀቃል። ቢሮ ስደርስ አቶ ጌታቸው የአንድ ለአምስት ስብሰባ ላይ ነው። ጠበቅኩ። ወጣ። «ሻይ ልጠጣ» አለ። እሱንም ጠበቅኩ።

«ደህና የተቀመጠ ዕቃ ለምን ትነካኪያለሽ?» አለኝ።

«ደህና መሆኑን በምን አወቁ?»

«ሪፖርት ላይ አለ።»

ሪፖርቱን የምጽፈው እኔ ነኝ! ሙና የላከችበትን የደብዳቤ ቁጥር አይቼ በየሳምንቱ «ቅጂው ተልኳል» እላለሁ። ተልኳል እንጂ ይሠራል ብዬ አላውቅም። ይህን ስነግረው «እንግዲያው ጥፋቱ ያንቺ ነው» ብሎ ሳቀ። ሳቁ አናደደኝ፣ ግን ጥርጥር የለውም፣ ግማሹ እውነት ነው። አንድ ቀን ወርጄ ልየው ብል ማን ይከለክለኝ ነበር?

ደብዳቤው ተጻፈ። ቲተሩን የቆለፈችበት ጸሐፊ ለቅሶ ሄዳለች። ለቅሶው ቤት ድረስ ሄጄ፣ አልቅሼ፣ ቁልፉን ተቀብዬ መጣሁ። አሥር ሰዓት ላይ ፊርማ አገኘሁ። «የሦስት ሰው ኮሚቴ ባለበት ይከፈት» ይላል። አንድ ቀን ሙሉ ለአንድ ፖስታ!

ሐሙስ

በስመ አብ። ከየት ልጀምር።

ኮሚቴው፦ ጋሽ ሰይድ፣ ገንዘብ ያዡ፣ እኔ። ሰልጣኞቹ ዙሪያችንን ቆመዋል። ጋሽ ሰይድ ፖስታውን ጠረጴዛው ላይ አኖሩት። አሁን ቀርቤ ሳየው ማኅተሙ ያረፈው በሌላ ማኅተም ላይ ነው። የደብዳቤ ቁጥሩ ተሰርዞ ሌላ ቁጥር፣ እሱም ተሰርዞ ሌላ፣ ፖስታው ጠርዙ ተልጦ ጨርቅ መስሏል። ከፈትነው። ዲስኩን ሰካሁት። የመጨረሻው መረጃ የአምና ጥቅምት ነው። ገና ወደ ደሴ ያልተመለሰውን ሁለተኛውንም ፖስታ ከፈትን። እሱም ጥቅምት።

ከዚያ ሙና «እትዬ ሂሩት፣ እኔ ነኝ» አለች።

ነገሩ እንዲህ ነው። ያለን ሁለት ዲስክ ነው። አንዱ ሲወርድ ያለፈው ሳምንቱ ይመለሳል፣ ሙና አዲሱን ትገለብጥበታለች፤ ደንቡ ይህ ነበር። ጋሽ ሰይድ ግን ማኅተም አይሰብሩም፣ ፖስታውን እንደታሸገ ነው የሚመልሱት። ደሴም ሲደርስ ማኅተም ለመስበር ኮሚቴ ይጠየቃል። ሙና ሁለት ጊዜ ለአቶ ጌታቸው ጽፋለች። «ኮሚቴ እስኪቋቋም ያንኑ ላኪ» አላት። ላከች። አዲስ ቁጥር፣ አዲስ ማኅተም፣ ያው ፖስታ። በየሳምንቱ በሚኒባስ ሲወርድና ሲወጣ ዓመት አለፈው። ደሴም ኮምቦልቻም መዝገቡ ላይ ፊርማው ሙሉ ነው፣ አንድ ቀን እንኳ አልተዘለለም!

ጋሽ ሰይድ ወንበር ፈለጉ። «ያ ረቢ! እኔ እኮ የምጠብቅ መስሎኝ…» አሉና አልጨረሱትም።

ሙና ማሽኑ ጋ ቀርባ የእናቷን ስም ጻፈች። እናቷ ከባላቸው ወንድም ጋር ስንት ዘመን ተካሰው የረቱት ማሳ የተመዘገበው አምና ኅዳር ነው። ፈለገ፣ ፈለገ፣ የለም። ደግማ ጻፈች። የለም። ልጅቷ አላለቀሰችም፣ ፊቷ ግን አመድ ሆነ።

ዓርብ

ሙና ትናንት ከሰዓት አንዱን ዲስክ ይዛ ደሴ ወጥታ አዲስ ቅጂ አወጣች። ጠዋት በቦርሳዋ ይዛው መጣች፣ ያለ ፖስታ፣ ያለ ማኅተም። ጋሽ ሰይድ ሲያዩ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጫኑ። ማስመለስ ጀመርን። ግማሽ ላይ ቆመ። ትናንት እየገለበጠች ሳለ መብራት ሄዶ ኖሮ ቅጂው ጎዶሎ ነው። አጥንቴ ድረስ ደከመኝ።

አቶ ጌታቸው ስድስት ሰዓት ላይ ከለስላሳና ከሰርተፍኬት ጋር መጣ። የምፈርምበትን ወረቀት አቀረበልኝ።

«አልፈርምም።»

«ፖስታው ተከፍቶ የለ? የአምናው መጣ አይደል? እንግዲህ ይሠራል ማለት ነው።»

«የዘንድሮው ገበሬ መሬት የለውም?»

«አየሽ፣ ይህን ነው ፀረ ልማት የምንለው። ሰኞ ግምገማ ላይ ትመልሻለሽ።»

አፍሮ እንኳ ዓይኑን አልሰበረም። እኔን ትቶ ሰልጣኞቹን ቃለ ጉባኤ አስፈረማቸው፣ «ቅጂው መሥራቱን አረጋግጠናል» የሚል። አትክልተኛውም አረጋገጠ! ዘጠኙም ፈረሙ። ሙናም ፈረመች። አልፈርድባትም ልል ነበር፣ እንጀራዋ ነው። ፈረድኩባት። ሳልሰናበታት ሚኒባስ ገባሁ።

ቅዳሜ

እንዳልሄድ ለራሴ ምዬ ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ኮምቦልቻ ነበርኩ።

መኪናው መጋዘኑ በር ላይ ቆሟል፣ ጫኚዎቹ ቃለ ጉባኤውን ይዘዋል። በበሩ ደፍ ላይ ደግሞ ነጠላቸውን አጥብቀው የታጠቁ ሴትዮ ተቀምጠዋል። የሙና እናት፣ እማማ ኸድጃ። ከገራዶ በሌሊት ተነሥተው ነው። ጋሽ ሰይድ ቁልፉን ጨብጠው አጠገባቸው ቆመዋል። ጫኚዎቹ ቢለምኑ፣ ቢቆጡ፣ «የኔ ስም ካልታየ አንዲት ወረቀት አትወጣም» ነው የእማማ ኸድጃ መልስ።

ሙና አየችኝ። «ፈርሜ ቤት ስገባ ለእማዬ ነገርኳት። አልቻልኩም» አለች። በእጇ ዲስክ አለ። ትናንት ፈርማ ደሴ ተመልሳ፣ እስከ መጨረሻው ቁጭ ብላ ጠብቃ ነው የገለበጠችው።

የምንለማመድበትን ማሽን በሩ ጋ አምጥታ ሰካችው። እኔ ወደ ኋላ ቆምኩ። እጄ እንዳይቀድማት ጣቶቼን ቆልፌ ያዝኳቸው። ሄደ፣ ሄደ፣ ሞላ። ስም ጻፈች። መጣ! ማሳው፣ አዋሳኙ፣ ሁሉም። ስታነብላቸው እማማ ኸድጃ አዳመጡ፣ አዋሳኙን አስደገሟት።

«አጥፊው» አሉ።

«ምን?»

«አጥፊውና እንደገና አምጪው። አንዴ ዕድል ቢሆንስ?»

ሙና ወደኔ ዞረች። አምስት ቀን ለፍልፌ ያላስተማርኩትን እሳቸው በአንድ ቃል አዘዙ። ልጅቷ ሁሉንም ደምስሳ ከመጀመሪያው ጀመረች፣ ማንንም ሳትጠይቅ። መጣ። ጋሽ ሰይድ «አብሽሪ!» ብለው ጮኹ፣ እኔ አለቀስኩ፣ አላፍርም።

ሴትዮዋ ይነሣሉ ብዬ ስጠብቅ ጭራሽ ተደላድለው ተቀመጡ። «አልሐምዱሊላህ። አሁን ሁለት አለኝ፣ ወረቀቱና ይሄ። ሁለት ያለው ሰው አንዱን ለምን ይጥላል?» መኪናው ባዶውን ሄደ። አቶ ጌታቸው ስልክ ላይ ጮኸብኝ፣ ጮኽኩበት።

ሰኞ ሦስት ሰዓት ግምገማ አለብኝ። ከሥራ ያባርሩኝ፣ ወይ ወደ ሌላ ወረዳ ይወርውሩኝ፣ አላውቅም። እማማ ኸድጃ ግምገማው የት ነው ብለው ጠየቁኝ። «ለሠራተኛ ብቻ ነው፣ አያስገቡዎትም» ብላቸው፣ «የሚገመገመው የኔ መሬት አይደል? መንገዱን ብቻ ንገሪኝ» አሉ። ነገርኳቸው።