የግማሽ ዶክተሯ በሽተኛ

ለምወድሽና ለምናፍቅሽ እናቴ፣

እንዴት ሰነበትሽ እማዬ? እንዴት ነሽልኝ? አሁንም እንዴት ነሽ? ጤናሽ፣ እንቅልፍሽ፣ የምግብ ፍላጎትሽ እንዴት ነው? የልብስ መተኮሻው ክፍል ሙቀት እንዴት አደረገሽ? ፋብሪካው ዛሬም ሙሉ ቀን ያቆማችኋል ወይስ ልብ ገዝቶ ወንበር ሰጣችሁ? እኛ በሙሉ ደህና ነን። እዚህ ላይ ከናፍቆትሽ በቀር የጎደለብን የለም ተብሎ ይጻፋል፤ እሱን ግን አባዬ ይጻፈው። እኔ ዛሬ የመጣሁብሽ በነገር ነው።

ይሄ ልጅ ደብዳቤ ጻፈ፣ ምን ጉድ መጣ ብለሽ አትደንግጪ። ሰው አልሞተም። ከዘጠነኛ ክፍል ከሸሸሁ ወዲህ እስክሪብቶ የያዝኩት የደንበኛ ስም ጎማ ላይ ለመጻፍ ብቻ ስለሆነ፣ ፊደሌ ቢንገዳገድ ሰክሬ እንዳይመስልሽ። በስልክ እንዳልነግርሽ እህቴ አጠገቤ ቆማ የምተነፍሰውን ትቆጥራለች። ስለዚህ ጎሚስታ ቤታችን ውስጥ ጎማ ላይ ተቀምጬ እጽፋለሁ። ደብዳቤውን የሚያመጣልሽ ደንበኛችን የሆነ የጭነት መኪና ሹፌር ነው፤ ነገ ይደርሳል። እሷ ደግሞ እሁድ ትደውልልሻለች። ከመደወሏ በፊት ማንበብ አለብሽ። አንድ መስመር ጽፌ እነሳለሁ፣ ነፋስ የተሞላውን ጎማ ደግሜ እሞላለሁ፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ። አለቃዬ አንተ ልጅ ዛሬ ምን ነክቶሃል፣ ጎማውን አፈንድተህ ልትገድለን ነው ወይ ብሎኛል።

ነገሩ እንዲህ ነው። ግማሽ ዶክተራችን፣ ማለትም ልጅሽ፣ ሦስተኛ ዓመት ስለደረሰች ግማሽ ብያታለሁ፣ ግቢያቸው ለእድሳት ከተዘጋ ጀምሮ የምትማረው ከመኝታ ቤት ነው። ላፕቶፑ ወንበር ላይ፣ ወንበሩ ሳጥን ላይ ይቆማል። አስተማሪያቸው አምስት አምስት አድርጎ በቡድን ከፍሏቸዋል፤ ውጤቱም የሚሰጠው ለቡድኑ ነው፣ አንዱ ሲወድቅ ሁሉም ይወድቃል። አምስቱ በአምስት ትንንሽ መስኮት ብቅ ብለው ሲያወሩ የፎቅ ጎረቤቶች ነው የሚመስሉት። አንደኛዋ ኔትወርኳ ሲቆም አፏን እንደከፈተች ትቀራለች። አንዱ ደግሞ ንግግር ከጀመረ ማቆሚያ ስለሌለው አፈ ጉባኤ ብዬዋለሁ፤ እሱም ሰምቶ ደስ ብሎታል።

በሽተኛ በስክሪን ውስጥ አይገባም አይደል? ስለዚህ ዘዴ ፈጠሩ። በየተራ አንዱ ቤቱ ያለውን ሰው ካሜራ ፊት ይመረምራል፤ ሌሎቹ ከየመስኮታቸው እያዩ በሽታውን ይፈልጋሉ። እኛ ቤት ሰው ማለት እኔ ነኝ። ሸሚዝህን አውልቅ፣ ተንፍስ፣ ያዝ፣ ልቀቅ። አምስት የሰው ልጆች ሆዴን ከወለድሽኝ ከአንቺ በላይ ያውቁታል።

አንቺ ደግሞ ታውቂኛለሽ፣ ዝም ብዬ የምተኛ በሽተኛ አይደለሁም። ቀኜን ሲጫኑኝ ከግራ አቃስታለሁ። አንድ ቀን የአውቶብስ ጡሩምባ ስሰማ የጆሮዬ ጫፍ ይበላኛል ብያቸው ሁሉም አቀርቅረው ጻፉ። አፈ ጉባኤ ብቻ ከመቼ ጀምሮ ነው ብሎ ጠየቀኝ፤ አውቶብስ ከተፈጠረ ጀምሮ አልኩት። እህቴ ካሜራው ከማያየው በኩል ጭኔን ስትቆነጥጠኝ ደግሞ እሱኑ ሕመም ነው ብለው መዘገቡት።

የእሷ ነገር ግን ሌላ ነው። ኩሽና ውስጥ ሽንኩርት እየላጠች ደም ከልብ ወጥቶ የት የት ዞሮ እንደሚመለስ ስትነግረኝ፣ የትምህርት ቤት አጥር ዘልዬ ለሸሸሁት ለእኔ ሳይቀር ይገባኛል። ማይክ ሲከፈት ግን ጭልፊት እንዳየች ጫጩት ትሆናለች። መልሱን ትጽፋለች፣ ታጠፋለች፣ እንደገና ትጽፋለች። ሌላው ቀድሞ ይናገረዋል። ማይክሽ ተዘግቷል መሰል ይሏታል፣ ማይኩ ክፍት ነው። የተዘጋችው እሷ ናት።

ማክሰኞ ዕለት አስተማሪው ራሱ ሊፈትናቸው ገባ። ተረኛዋ መርማሪ እህቴ ነበረች፣ በሽተኛው እኔ። ቤቱ ሁሉ ሲጨነቅ ሳቅ ይምጣ ብዬ ትኩስ የተቀቀለ ድንች በጨርቅ ጠቅልዬ ብብቴ ውስጥ ወሸቅኩ። ቴርሞሜትሩን እዚያው አስገባችው፤ ሲወጣ የሬሳ ሣጥን እዘዙ የሚያሰኝ ቁጥር ወጣ። በየመስኮቱ ግርግር ሆነ። አፈ ጉባኤ ወባ ብሎ ጀመረ፣ ታይፎይድ ላይ ደረሰ፣ ስሙን እንኳ የማልደግመውን በሽታ ሁሉ ሰጠኝ። እህቴ ግን እጄን ይዛ ነበር። እጄ ውኃ የነካው ያህል ቀዝቃዛ ነው፣ ልቤም እንደ ልማዱ ይመታል። አየችኝ፤ ገባት። ትኩሳት የለውም ብላ ስትጽፍ በዓይኔ አይቻለሁ። ሳትልከው እዚያው ስክሪኑ ላይ ተቀመጠ።

አስተማሪው ሁላችሁም ቁጥሩን አያችሁ፣ በሽተኛውን የነካችው ግን አንዷ ናት፣ እሷ ምን ትላለች ብሎ ጠየቀ። ዝም። ደግሞ ጠየቃት። ዝም። እኔ ጨነቀኝና ክንዴን ሳነሳ ድንቹ ወድቆ ተንከባሎ ካሜራው ፊት ቆመ። አንዱ ሳቀና ቶሎ ማይኩን ዘጋ። አስተማሪው አልሳቀም። አውቀሽ ዝም ካልሽ በሽተኛሽን ለማያውቅ ሰው አስረከብሽው ማለት ነው ብሏት ወጣ።

ብትመታኝ ተመስገን ባልኩ ነበር። ቁጣዋን ለምጄዋለሁ። እሷ ግን ቀስ ብላ፣ ድንቹን ተወው፣ ድንቹን አውቄው ነበር፣ አፌ ነው እምቢ ያለኝ፣ ነገ እውነተኛ በሽተኛ ቢሆንስ አለችኝ። ላፕቶፑን ቁም ሣጥን ውስጥ ብርድ ልብስ ስር ከተተችው። ትምህርቱን ትታ አንቺ ጋ መጥታ መተኮሻው ክፍል ልትቀጠር ቆርጣለች። ካውያ ጥያቄ አይጠይቅም አለችኝ።

ከዚያ ወዲህ ቤታችን ቤት አይደለም። አባዬ ምንም ሳይናገር ላፕቶፑን አውጥቶ ጠረጴዛው ላይ ያስቀምጣል፤ እሷ ምንም ሳትናገር ትመልሰዋለች። ጠዋት እሱ፣ ማታ እሷ። የቡድኗ ልጆች ሲደውሉ ስልኩን የማነሳው እኔ ነኝ። ገላዋን እየታጠበች ነው እላቸዋለሁ። ይኸው ከማክሰኞ ጀምሮ እየታጠበች ነው፤ እንዴት እንደነጣች አስቢው።

ትናንት አፈ ጉባኤ ደውሎ መታጠቡን ተወውና እውነቱን ንገረኝ አለኝ። ነገርኩት። እሱ ሰውዬ ዝም ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር፣ ዝም አለ። ቀጥሎ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ብቻውን ተከራይቶ ነው የሚኖረው፤ የሚመረምረው ሰው ስለሌለው ሆድ የሚጫነው ትራስ ላይ ነው። ከእህትህ በቀር ከእኛ ውስጥ በሽታን በእጁ ነክቶ የሚያውቅ የለም፣ እኔ የማወራው ስለማላውቅ ነው አለኝ። አስተማሪው ለመጪው ሐሙስ ሌላ ዕድል ሰጥቷቸዋል። የሚመረምረውም የሚናገረውም አንድ ሰው ይሁን፣ እሱም ዝም ያለችው ልጅ ትሁን ብሏል። ካልቀረበች አምስቱም ዓመቱን ይደግማሉ። ይህን ስነግራት ትራሷን ፊቷ ላይ አደረገች።

አሁን ወደ አንቺ መጣሁ። እሁድ ደውላ ልምጣ ትልሻለች። ነይልኝ የሚለው ቃል ምላስሽ ጫፍ ላይ እንዳለ አውቃለሁ፤ ብቸኝነቱ እንደሚበላሽም አውቃለሁ። ዋጪው እማዬ። አንቺ ነይ ካልሽ ማንም አይመልሳትም። ቆጣም አትበዪ፣ አትምከሪያትም፣ ምክር ስትሰማ ይብስባታል። ይልቅ እኔ ልጅሽ ወደማውቀው ሥራ ልጋብዝሽ፤ ታመሚ። ጉልበቴን አሞኛል በያትና ዝም በይ። የቱ ጋ ነው፣ ከመቼ ወዲህ ነው፣ ደረጃ ስትወጪ ነው ስትወርጂ ማለት ትጀምራለች። እንድትጨርስ ተያት፣ አታቋርጫት። ስትጨርስ ብቻ፣ ሐሙስ ልክ እንደዚህ ተናገሪ በያት። ሌላ ቃል አትጨምሪ።

ማስመሰል አይሆንልኝም ካልሽ ደግሞ አታስመስዪ። አብረሻት የምትኖሪው አክስቴ ሁሉን ነግራኛለች። ደረጃውን አንድ እግርሽን እየጎተትሽ እንደምትወጪ፣ ማታ በጨርቅ እንደምታስሪው፣ ልጆቼ እንዳይሰሙ እንዳልሻት አውቃለሁ። እሷን አትቆጫት፣ ጨንቋት ነው። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ብለሽ ያሳደግሽኝ አንቺ ነሽ። እህቴም በድምፅሽ ትጠረጥርሻለች፤ እንዳትጠይቅሽ ግን አንቺንም እንደ ማይኩ ትፈራሻለች። እሷ ያወቀችውን ትውጣለች፣ አንቺ ያመመሽን ትውጫለሽ፣ እኔ መሐል ቆሜ መቀመጫ አጣሁ። እሁድ አንዳችሁ ቅደሙ። አንቺ ብትቀድሚ ይሻላል፤ ታላቅ ነሽ።

ለአክስቴ ከእግሯ እስከ ራሷ ሰላምታዬን አድርሺልኝ፤ ምስጢር ያወጣሁባት እኔ ነኝና ለቁጣው እኔን ጥሪ። ለባሏ ለጋሼ፣ ማንኮራፋታቸው በስልክ እስከዚህ እንደሚሰማ ንገሪልኝ፣ ጤና ይስጥልኝ። ለትንሿ የአክስቴ ልጅ ጉንጯን ቆንጥጪልኝ፣ ቀስ ብለሽ። አባዬ ሰላም ብሎሻል፤ እሱ ስለማይናገር እኔ ነኝ የተናገርኩለት። እህቴ ይህን ደብዳቤ ባታውቅም ሰላም ትልሻለች፤ ከስምሽ በፊት የምትጠራው የለም። ሹፌሩ ሞተር አስነስቷል፣ ይጠራኛል።

ልጅሽ፣ ያው ያስቸገረሽ

ከጎሚስታው ቤት፣ ዓርብ ከሰዓት፣ ኅዳር 5