ጉርድ ፎቶዎቹን ማሻገር

ሰኞ

ቀጭ፣ ቀጭ፣ ቀጭ። አባዬ «የእጅ ሰዓት ወድቆ ይሆን?» እያለ ጠረጴዛው ሥር ሲፈልግ አገኘሁት። ሰዓት ቢሆን በወደድኩ። የፎቶ ቤቱ ኮምፒውተር ሃርድ ዲስክ ነው፤ እየሞተ ነው። አባዬ ዲጂታል ካሜራ ከገዛ ጀምሮ ያነሳው ሰው ሁሉ ያለው እዚያ ውስጥ ነው። ሌላ ቅጂ የለም። ካጠፋሁት ደግሞ ተመልሶ ላይነሳ ይችላል።

ደግነቱ ኮምፒውተር ከማስተምርበት ከሐዋሳ ለዕረፍት ወደ ሶዶ ስመጣ የፋይል ማስቀመጫ ማሽን ይዤለት መጥቻለሁ። ጓሮ ባለው መኖሪያ ቤታችን ሳሎን ውስጥ ተክዬዋለሁ። ፎቶ ቤቱ መንገድ ዳር ነው፤ በመሃል እንሰቱ አለ። በዋይፋይ መላክ ጀመርኩ።

እዚያው እያለሁ ጋሽ ባሳ የሚባሉ ሰው ከቤሌ መጡ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አበበች ላሊሶ በቅርቡ አርፈዋል። «ሚስቴ እዚህ ጉርድ ፎቶ ተነስቶ ነበር፣ ለመታወቂያ። ሌላ ፎቶ የለውም» አሉ፤ አማርኛቸው ሴትንም «እሱ» ነው የሚለው። መታወቂያው ላይ ያለው ውሃ ገብቶት ፊታቸው ጠፍቷል። ያንን ፎቶ ትልቅ አድርገን እንድናትምላቸው ነው የለመኑን።

አባዬ እኔን ሳይጠይቅ «ቅዳሜ ይምጡ፣ ይደርሳል» አላቸው። ገላመጥኩት። አላየም፤ ወይ እንዳላየ ሆነ።

ማክሰኞ

«የቀረው ጊዜ» ብሎ የሚጽፈው ነገር ውሸታም ነው። አንዴ ቀናት ይላል፣ አንዴ ሳምንታት። ዲስኩ ግን ሳምንት እንደማይቆይ ድምፁ ይናገራል።

ከአባዬ ጋር ተጣላን። እኔ የሠርግ ቪዲዮዎቹን አስቀደምኩ፤ ትልልቅ ናቸው፣ ሲላኩም አያስቸግሩም። እሱ ጉርዶቹ ይቅደሙ አለ። «ሙሽሮቹ ስልካቸው ሙሉ ፎቶ ነው። ለመታወቂያ የመጣው ሰው ግን በዕድሜው አንዴ ነው የተነሳው።»

 ስረታ ማኩረፍ እወዳለሁ። እያኮረፍኩ ሠርጉን አቁሜ ጉርዶቹን ጀመርኩ። ኤሊ ይሻላል።

ረቡዕ

ወንድሜ ድሮ ከቤት እስከ ፎቶ ቤቱ መሬት ውስጥ የቀበረው የኔትወርክ ገመድ አለ። ሰካሁት፤ ወይ ፍንክች። አባዬ ዶማ ይዞ፣ እኔ ገመዱን እየተከተልኩ ስንቆፍር፣ አንዱ እንሰት ሥር ፍልፈል በጥሶት አገኘነው። «እንሰቴ አልበቃውም?» ብሎ አባዬ ሳቀ። ሲስቅ ኩርፊያዬ ጠፋ።

ጭቃ በጭቃ ሆኜ ነው የገባኝ። ለምን ገመድ እጎትታለሁ? ማሽኑን ራሱን ለምን አላመጣውም? አስተማሪ ተብዬ! ካፊያ ነበር፤ በሻሼ ጠቅልዬ እንደ አራስ ልጅ አቅፌ ተሻገርኩ። አባዬ ከፊት ከፊት የእንሰት ቅጠል እየገለጠልኝ። ጎን ለጎን አስቀምጬ በአጭር ገመድ አገናኘኋቸው።

አንድ ሠርግ ለሙከራ ላክኩ፤ በረረ። ጉርዶቹ ግን አሁንም ይንፏቀቃሉ።

ሐሙስ

ጉርድ ፎቶ ትንሽ ነው፤ ብዛቱ ግን መዓት ነው። ሁለቱ ማሽኖች ለእያንዳንዱ ለብቻው ሰላምታ ይለዋወጣሉ። መጣ? መጣ። ስሙ ማነው? ቦታ አለ? አለ። ደረሰ? ደረሰ። ልክ የእኛ ሀገር ሰላምታ ነው፤ ላሟ ሳትጠየቅ አይታለፍም። ይህን ሳስረዳው አባዬ «እና በአንድ አውቶቡስ ጫኛቸዋ!» አለኝ። እኔም ላደርግ የነበረው እሱን ነው፤ ቀደመኝ እንጂ።

በአንድ ፎልደር ያሉትን ሁሉ ኮምፒውተሩ እያነበበ፣ ወደ አንድ ትልቅ ፋይል እየጠቀለለ፣ እዚያው እየላከ ሄደ። እንዴት ደስ ይላል! አጨበጨብኩ።

አባዬ ፎልደሮቹን በዓመት አይደለም የከፈላቸው። «ሰው ዓመቱን ይረሳል፣ ሀገሩን አይረሳም» ብሎ በሀገር ነው፦ ቤሌ፣ ቦምቤ፣ ዲምቱ፣ እንዲህ እያለ። ዲስኩ ላይ በስም ልፈልግ ብል ቀጥ ይላል፤ ስለዚህ ቤሌን አስቀደምኩ። ሙሉ በሙሉ አለፈ። ከፈትነው፤ ሁሉም ላይ ስም አለ። ሁለቴ አየን፣ ሦስቴ አየን።

አበበች ላሊሶ የለችም። አባዬ እራቱን አልበላም። አሳዘነኝ።

ዓርብ

ጠዋት የቦምቤን እየላክኩ አንዲት ደንበኛ «አንቺስ ከየት ነሽ?» አለችኝ። «የሶዶ ልጅ ነኝ» አልኳት። አግብቼ ሐዋሳ ከገባሁ ስንት ጊዜዬ! አፌ ግን ዛሬም የሚጠራው የአባቴን ቤት ነው።

ክው አልኩ። ለጋሽ ባሳ ደወልኩ። «ጋሼ፣ ወይዘሮ አበበች የየት ሀገር ልጅ ናቸው?»

«የዲምቱ ልጅ ነው። ቤሌ እኔ ነው ያመጣሁት።»

ዲምቱ! አባዬ ከየት ነሽ ሲላት የአባቷን ሀገር ነግራዋለች፤ ማን ሴት ሌላ ይናገራል? ቦምቤን በመሃል አቋርጬ ዲምቱን ጀመርኩ። ዲስኩ አሁን ቀጭ ይልና ይቆማል፣ እንደገና ይነሳል። አባዬ እጁን ኮምፒውተሩ ላይ አድርጎ «አይዞህ፣ ትንሽ ነው የቀረህ» ይለዋል። እኔ በሆዴ እጸልያለሁ።

ሊመሽ ሲል ዲስኩ ዝም አለ። ከዚያ ወዲያ አልነቃም። የዲምቱ ፋይል ተቆርጦ ቀረ። እስከተቆረጠበት ያለው ሊወጣ ይችላል፤ ልከፍተው ግን ፈራሁ። አባዬም «ነገ» አለ። እሱም ፈርቷል።

ቅዳሜ

ከፈትነው። ስሞቹ ወደ ታች ወረዱ፣ ወረዱ። አለች! አበበች ላሊሶ፣ ኮስተር ብላ። አባዬን አንገቱ ላይ ተጠምጥሜ አለቀስኩ። «በይ፣ አትሚ» አለኝ።

ጋሽ ባሳ ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀብለው ወደ በሩ ብርሃን አስጠጉት። «ተቆጥቶ ነው» አሉ። «ያን ቀን አብረን እንነሳ አለኝ። እኔ ሰው ያየናል ብዬ አፈርኩ።»

አባዬ መብራቱን አበራና በርጩማውን ወደ መጋረጃው ገፋ። ጋሽ ባሳ አንዴ እሱን፣ አንዴ እኔን አዩና ተቀመጡ። ኮሌታቸውን አስተካከልኩላቸው። አባዬ ጉርድ ሲያነሳ «ሳቅ የለም» ሳይል አያልፍም። ዛሬ አላለም።

ሁለቱን አንድ ወረቀት ላይ አተምኩላቸው። ሚስት ተቆጥታ፣ ባል ዐይኑ እርጥብ ሆኖ ፈገግ ብሎ። ደረታቸው ላይ አስደግፈው ወደ መናኸሪያ ሄዱ።

ከቦምቤ ግማሹ፣ ከዲምቱ የተቆረጠው፣ ከሌሎቹ ሀገሮች ብዙው፣ ከሠርጎቹ አብዛኞቹ አልተሻገሩም። አዲስ አበባ የሞተ ዲስክ የሚያክም አለ ይባላል። እወስደዋለሁ፤ ይዳን አይዳን አላውቅም።

የጋሽ ባሳን ፎቶ ግን ወዲያው ወደ አዲሱ ማሽን ላክኩ። አንድ ፋይል፤ ሳልጫነው ያለፈ መሰለኝ።

አባዬ ካሜራውን እየጠረገ «ደረሰ?» አለኝ።

«ደርሷል አባዬ።»

«የት ሀገር አስገባሽው? ቤሌ?»

«ዲምቱ» አልኩት። «ከአበበች ጎን።»