በመስቀል ምለው ከደጀ ሰላሙ አስወጡኝ

ይድረስ ለውድ እኅቴ ለብዙዬ ቢተው፤ አሰብ።

እታለሜ፣ እንዴት ከርመሻል? ያ የአሰብ ወበቅ በረታብሽ ወይስ ለመድሽው? ወገብሽንስ ተሻለሽ? ባለቤትሽ ጋሽ ያለው ከወደቡ ሥራ ጋር እንዴት ናቸው? ብርሀንነሽስ ትምህርቷን ያዘች? እኔ ብርዱ እግሬን ይነካካኛል እንጂ፣ ከናፍቆታችሁ በቀር፣ ለሰማዩ ጌታ ምስጋና ይግባውና ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ በነጋዴ እጅ ደረሰኝ። ቄስ አድማሴ «ወንድምሽ ምክሬን አልሰማ ብሎ በገዛ እግሩ ወጥቶ ተያዘ» ብለው እንደ ጻፉልሽ ነግረሽኝ፣ ምነው የነፍስ አባትህን ብትሰማ ብለሽ ወቅሰሽኛል። እስከ ዛሬ ዝም ያልኩት ለክብራቸው ብዬ ነበር። አሁን ግን ከሥሩ ልንገርሽ።

ነገሩ የሆነው ጥቅምት ስድሳ ስምንት ላይ ነው። የገበሬ ማኅበሩ ለመጋዘን የሚሆን እንጨት ቁረጡ ብሎ እኔንና ይመርን አዘዘን። ይመርን ታውቂዋለሽ፣ የእማማ ዘይነባ ልጅ። በዚያ በረሀቡ ዓመት አባቱና ሁለት እኅቶቹ መጠለያ ውስጥ አልቀው፣ ለእናቱ የቀረ እሱ ብቻ ነበር። ያን ጊዜ እኔና እሱ እፍኝ ጓያ ተካፍለን ነው ያለፍነው። ባሕር ዛፉን ስቆርጥ ምሳሩ ከእጀታው ወልቆ ሄደና ጆሮ ግንዱን መታው። «ውሃ» አለኝ። ሳላደርስለት ሞተ።

ሊቀመንበሩ «በቂም ነው የገደለው፤ ጸረ አብዮት ነው» ብሎ አስወራ። የይመር የአጎት ልጅም ይህን አምኖ ጠመንጃውን አነሣ። እኔ ሮጬ ቤተ ክርስቲያን ገባሁና እንደ ጥንቱ ሰው ለመማጸን ደወሉን ደወልኩ። ቄስ አድማሴ ወጥተው ደጀ ሰላሙ ውስጥ አስቀመጡኝ። ሰባት ቀን ከቤታቸው እንጀራ እያመጡ አበሉኝ። ኦሪቱንም አነበቡልኝ። እስራኤል ሳያውቅ ነፍስ ያጠፋ ሰው ሸሽቶ የሚድንባቸው ስድስት ከተሞች ነበሯቸው አሉ፤ መንገዱ ይጠረግ ነበር፣ ደም መላሽም እዚያ ገብቶ አይነካውም። እንጨት ሲቆርጥ ምሳሩ ወልቆ ባልንጀራውን ስለ ገደለው ሰውም እዚያው ተጽፏል። እታለሜ፣ የእኔን ጉድ ከስንት ሺህ ዓመት በፊት ማን አየው ብዬ አለቀስኩ። እሳቸውም ራሴን እየዳሰሱ «ዛሬ የመማጸኛው ከተማ ክርስቶስ ነው ልጄ፤ እሱን የተጠጋ አይጣልም» አሉኝ።

በስምንተኛው ቀን ጠዋት ቄስ አድማሴ መጡ። ሽማግሌ ገብቷል፣ እማማ ዘይነባም የልጃቸውን ደም ምረዋል አሉኝ። ለመውጣት ሳመነታ፣ መስቀላቸውን ከፍ አድርገው «በዚህ በያዝኩት» ብለው ማሉልኝ። ተሳልሜው ወጣሁ። ከቅጥሩ በር ውጭ አራት አብዮት ጠባቂዎች ቆመዋል። በመካከላቸው ወር ሙሉ ታስሮ የከረመው የቄስ አድማሴ ልጅ ክንፈ አለ። ገመዱን ከእሱ እጅ ፈትተው እኔን አሰሩበት። ክንፈ ቀና ብሎ ሊያየኝ አልቻለም። አባቱ እጁን ይዘው ወደ ቤታቸው ወሰዱት።

ልጅ እንደሚያሳሳ አውቃለሁ። ክንፈም ያለ ጥፋቱ ነበር የታሰረው። ነገር ግን እግዚአብሔር ስለ ሌላው ብሎ ልጁን ሰጠ እያሉ ያስተማሩኝ እሳቸው፣ ስለ ልጃቸው ብለው ሌላውን ሰጡ። በጠመንጃ አስገድደው ቢያወጡኝ ኖሮ እንዲህ አያመኝም ነበር። በመስቀል ነው ያወጡኝ።

ወረኢሉ ለፍርድ ስቀርብ እሳቸው ሊመሰክሩልኝ አልመጡም። የመጡት እማማ ዘይነባ ናቸው፤ ያን ሁሉ መንገድ በእግራቸው። ሽማግሌ የሚባል ነገር ደጃቸውን እንዳልረገጠ ያወቅሁት ያን ጊዜ ነው። ዳኛው ፊት ቆመው «በልጆቹ መካከል ቂም እንዳልነበረ አላህ ያውቃል፤ እኔም አውቃለሁ። ይኼን ብታጠፉት የኔ አይመለስልኝም» አሉ። ባለማወቅ ነው ተብሎ አንድ ዓመት ተፈረደብኝ።

ስፈታ እማማ ዘይነባ የእስር ቤቱ በር ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ወዴት እንደምሄድ ጠየቁኝ። መሬቴ ለሌላ ተሰጥቷል፤ ወደ አገሬ ወደ መካነ ሰላም ብመለስ የይመር የአጎት ልጅ አለ። «እንግዲያው ከኔ ጋር ና፤ የሚያርስልኝ የለም» አሉኝ። ወደ ትውልድ መንደራቸው ወደ ከላላ ተመልሰው ስለ ነበር እዚህ መጣሁ። አሁን የገደልኩት ሰው እናት ቤት ነው የማድረው። አንድ ቀን ያ የአጎት ልጅ ጠመንጃውን ይዞ መጣ። እማማ ዘይነባ መቃኑን ይዘው በሩ ላይ ቆሙ። እሳቸውን ገፍቶ መግባት አቅቶት ተመለሰ፤ ከዚያ ወዲህ አላየነውም።

በሕማማት ሰሞን ቄስ አድማሴ ሰው ልከውብኛል። ታመዋል፤ ሳልሞት መጥቶ ይቅር ይበለኝ ብለዋል። እስካሁን አልሄድኩም። እምነቴን አልካድኩም እታለሜ፤ ጌታ እንደ ሞተልኝ፣ መዳኔም በእሱ እንደሆነ አምናለሁ። ግን አባታችን ሆይ ብዬ ጀምሬ «እኛም የበደሉንን ይቅር እንደምንል» ከሚለው ስደርስ አፌ ይያዛል። ዘልዬው አልሄድ፣ ዋሽቼ አልለው፤ እዚያው ላይ እቆማለሁ። አንቺ ስትጸልዪ ያቺን ቃል ስለ እኔ ጨምረሽ በይልኝ።

ጋሽ ያለውን ከአክብሮት ጋር እጅ ንሺልኝ። ብርሀንነሽን ጉንጯን ሳሚልኝ። ጎረቤትሽን እትዬ ድንቅነሽን እንዴት ናቸው በይልኝ። እማማ ዘይነባም አጠገቤ ተቀምጠዋል፤ ለማን እንደምጽፍ ጠይቀውኝ ስነግራቸው፣ «ልጄ ብዙዬ፣ እናትሽ ደህና ናት በላት» ብለዋል።

ወንድምሽ ካሳ ቢተው
ከላላ፣ ግንቦት ፳፩ ቀን ፲፱፻፷፱ ዓ.ም.