አልነድ ያለው ርችት

ሀዋሳ፣ ጥር 21 ቀን 2018 ዓ.ም.

ለውድ እታለሜ፣

እንደምን ከርመሻል? ባለቤትሽስ ደኅና ነው? የጅማ ብርድ እንዴት ይዟችኋል? ጉንፋን ቶሎ ስለሚይዝሽ እሱን ነው የማስበው። እኔ ጌታ ይመስገን ደኅና ነኝ።

ስልክሽ አልሠራልኝ ስላለ በወረቀት ጽፌ ለብርቅዬ ሰጥቻታለሁ፤ አብራን መዘምራን ውስጥ የነበረችው ብርቅዬ። ዘመድ ልትጠይቅ ወደ እናንተ ስለምትመጣ ነው። ምን እንደጻፍኩ አታውቅም፣ አሽጌዋለሁ።

አሁንም ምሥራቅ ክፍለ ከተማ ነኝ፣ ሁለታችን በኖርንባት ክፍል። አልጋሽን አላወጣሁትም። እንግዳ ሲመጣ መቀመጫ ይሆናል ብዬ ነበር፤ እንግዳም አይመጣም። የፍቼ ጨምበላላ በዓል ዕለት ሰፈሩ በሙሉ ለብሶ ወደ ጉዱማሌ አደባባይ ሲወርድ እኔ በሬን ዘግቼ ዋልኩ። ሕዝብ መሐል በቀኜ የሚመጣውን ስለማላይ ከሰው ጋር እጋጫለሁ። ባጃጅም በድምፁ ነው የምሸሸው። ሻይ ስቀዳ ሲኒውን ስቼ ጠረጴዛው ላይ አፈሰዋለሁ፣ ከዚያ ብቻዬን እስቃለሁ። ሥራዬም ተቀይሯል። ቀኑን ሙሉ በአንድ ዓይን ማይክሮስኮፕ ላይ መዋል ራሴን እየፈለጠኝ ስለተቸገርኩ፣ እዚያው የዩኒቨርሲቲው ላቦራቶሪ ውስጥ ናሙና መቀበያው ጋ አዛወሩኝ።

ጠይቀሽኝ ስለማታውቂ ነው ይህን ሁሉ የምዘረዝረው። ቅር አይበልሽ።

ከሠርግሽ ማግሥት ሐኪሙ «የቀኙ ዓይን ከእንግዲህ አያይም» ሲለኝ አንቺ ጫጉላ ላይ ነበርሽ። ከዚያ ወደ ጅማ ሄዳችሁ። ወራት አለፉ። የቤተ ክርስቲያናችን ሽማግሌ ጋሽ በኃይሉ መጥተው «ልጄ፣ አማኝ ከአማኝ ጋር ፍርድ ቤት አይቆምም፤ በእርቅ ጨርሺው» አሉኝ። «ከማን ጋር ልታረቅ ጋሼ? እስካሁን ይቅርታ የጠየቀኝ ሰው የለም» አልኳቸው። ጸልየውልኝ ሄዱ።

እኔ ደግሞ ነፃ የሕግ ድጋፍ የሚሰጡበት ቢሮ ሄድኩ። ወንጌላዊት የምትባል ወጣት ጠበቃ ተቀበለችኝ። ለፖሊስ አመልክቼ በቸልተኝነት የአካል ጉዳት ማድረስ በሚል ማስከሰስ እንደምችል፣ በፍትሐ ብሔር ደግሞ ካሳ መጠየቅ እንደምችል፣ እርቅም ቢሆን በጽሑፍ ከተፈረመ እንደሚጸና አንድ በአንድ አስረዳችኝ። ሰው እንዲታሰር ስላልፈለግሁ ካሳውን መረጥኩ። የሠርግሽን አዳራሽ ባለቤትና ዓይኔን የመታኝን ርችት ያመጣውን ኢዮስያስን ከሰስን። ዲኮሩን የሠራልሽ ልጅ ነው።

መጥሪያው በደረሰው ሳምንት ኢዮስያስ ከከተማው ዳር፣ ከቱላ፣ ቤቴ ድረስ መጣ። ተቀመጥ ስለው እንቢ አለ። «አምስቱን እኔ ነኝ የለኮስኳቸው፤ ስድስተኛው አልነድ አለ» አለኝ። «ማንም እንዳይነካው ብዬ ውኃ ላመጣ ዞር አልኩ። ስመለስ አንቺ ወድቀሻል። እኔ ባላይም አንቺ አጠገቡ ነበርሽ፣ ማን ነው መልሶ የለኮሰው?»

አላየሁም አልኩት።

«ቢሆንም ጥዬው መሄድ አልነበረብኝም፣ ይቅርታ አድርጊልኝ» ብሎ ወጣ። እታለሜ፣ ከዚያ ቀን ወዲህ ጸሎት አልሆንልሽ አለኝ። ተንበርክኬ ቃል ይጠፋኛል። የዋሸሁት ዓይኔን ያጠፋውን ሰው አልነበረም፣ ይቅርታ የጠየቀኝን ብቸኛ ሰው ነበር።

ጥር ሰባት ቀን ችሎት ቀረብን። ዳኛዋ ረጋ ያሉ ሴት ናቸው። በዚያ ሰዓት ምን እያደረግሁ እንደነበር ጠየቁኝ። ሚዜ እንደነበርኩ፣ ብልጭታው የሙሽራዋን ቬሎ እንዳያቃጥለው ጎንበስ ብዬ ጫፉን እየሰበሰብኩ እንደነበር ነገርኳቸው።

«አልነድ ያለውን መልሶ የለኮሰውን ሰው አይተሻል?»

ፊት አላየሁም አልኩ።

«ታዲያ ምን አየሽ?»

ኢዮስያስ አንገቱን ደፍቶ መሬት መሬት ያያል። ቅድም በር ላይ ስናልፍ እንኳ ተነስቶ ሰላም ብሎኛል።

«እጅ አየሁ» አልኩ። «እስከ ክንዱ ሂና የተቀባ የሴት እጅ። አዲስ ቀለበት አድርጎ ነበር።»

ጸሐፊዋ ቃሌን መዘገበችው። ዳኛዋም ሌላ አልጠየቁኝም።

በሳምንቱ ተወሰነ። ኢዮስያስ ነፃ ወጣ። የአዳራሹ ባለቤት ዝግ ቤት ውስጥ ርችት እንዲለኮስ በመፍቀዳቸው ሕክምናዬን እንዲሸፍኑ ተባለ። ስንወጣ ወንጌላዊት ደረጃው ላይ አስቆመችኝ። «ለምን ለኔ እንኳ ሳትነግሪኝ ቀረሽ?» አለችና ደግሞ «የለኮሰችውን ሴት ለብቻ መክሰስ ትችያለሽ። ግን ከጉዳቱ ቀን ጀምሮ ሁለት ዓመት ከሞላ በይርጋ ይታገዳል። የቀረሽ አራት ቀን ነው። ስሟን ብቻ ንገሪኝ፣ ዛሬውኑ እጽፈዋለሁ» አለችኝ። ላስብበት አልኳት።

አሰብኩበትም። አልዋሽሽም፣ አርብ ዕለት ቢሮዋ በር ድረስ ሄጄ ነበር። ክሱን ብመሠርት መጥሪያ ይላካል፣ ቀጠሮ ይያዛል፣ ግድ ወደ ሀዋሳ ትመጫለሽ። ከችሎቱ ወዲያ ማዶ ቆመሽም ቢሆን አይሻለሁ ብዬ። ለዚህ ብዬ ነበር የሄድኩት። በሩን ሳላንኳኳ ተመለስኩ።

ሁለት ዓመቱ ሰኞ ዕለት ሞላ። ሰኞ ጠዋት ሥራ ገባሁ፣ ናሙና ስቀበል ዋልኩ፣ አመሻሽ ላይ በሐይቁ በኩል ዞሬ ቤቴ ገባሁ። ወንጌላዊት ሁለት ጊዜ ደወለች፣ አላነሳሁላትም።

ከእንግዲህ ሕጉ ማንንም አይጠራም። እኔ ነኝ የምጠራሽ። ምንም እንድትዪኝ አልፈልግም፤ ዝም ብለሽ ነይ። ስትመጪ ግን በግራዬ በኩል ተቀመጪልኝ፣ በደንብ እንዳይሽ።

ጌታ ቤታችሁን ይጠብቅ፣ የእጃችሁንም ሥራ ይባርክ።

ታናሽ እህትሽ